እንግሊዝኛ ከሰው ጋር ለመግባባት፦ አነጋገሩን ከነመልሱ የመያዝ ዘዴ

ሰዋስው ተምሮ፣ ፈተና አልፎ፣ ሰው ፊት ሲቆም አፉ የሚተሳሰርበት ብዙ ነው። ማንበብ አይቸግረውም። ዜናም ይገባዋል። አንድ ሰው ዞር ብሎ «ሃውዝ ኢት ጎዊንግ?» ሲለው ግን «ጎዊንግ ማለት መሄድ... ምኑ ነው የሚሄደው?» እያለ በሆዱ ይተረጉማል። ተርጉሞ ሲጨርስ ሰውዬው አልፎ ሄዷል።

ብዙዎቻችን ይሄ ሲገጥመን «ቃላት ይጎድለኛል» ብለን ሌላ የቃላት ዝርዝር ፍለጋ እንገባለን። እኔ ችግሩ እዚያ አይመስለኝም። ቻርልስ ኦግደን የሚባል እንግሊዛዊ በ1930 (እዚህ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) «ቤዚክ ኢንግሊሽ» ብሎ ያወጣው የተቀነሰ እንግሊዝኛ 850 ቃላት ብቻ ነበሩት። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ በ1959 ለተማሪዎች በቀላል እንግሊዝኛ ማሰራጨት ሲጀምር ዜናውን ሁሉ የሚያነበው በ1,500 ገደማ ቃላት ነበር። የዓለም ዜና በዚያ ካለቀ የእኛ ወሬማ አያንስም።

የሚጎድለን ቅብብሉ ነው። ወሬ ኳስ ነው፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ቀልቦ ይመልሳል። እኛ ግን ስንማር የምንይዘው መወርወሩን ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ የምነግራችሁ ሁሉ በአንድ ደንብ ይመራል፦ ማንኛውንም አነጋገር ከነመልሱ ያዙ። መልሱን ካላወቃችሁ አነጋገሩን ገና አልያዛችሁትም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የእንግሊዝኛውን ቃል በሙሉ በፊደላችን ነው የጻፍኩት። መጀመሪያ በጆሮና በአፍ እንድትለማመዱት ብዬ ነው። ፊደላችን ሁሉንም የእንግሊዝኛ ድምፅ ስለማይዝ ትክክለኛውን ድምፅ ድምፅ ባለው መዝገበ ቃላት አረጋግጡ። ስፔሊንጉንም እግረ መንገዳችሁን እዚያው ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ደብተሩን አዘጋጁ

ደብተር ይሁን የስልክ ኖት ለውጥ የለውም። ገጹን ሦስት ቦታ ክፈሉት። በግራ በኩል ሰው የሚለው። መሃል ላይ የሚመለሰው። በቀኝ ደግሞ «ለማን?» የምትል ጠባብ ዓምድ። ይቺን ሦስተኛዋን አትዝለሏት፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እሷ ስትረሳ ነው።

አንድ መስመር ላሳያችሁ። ግራ፦ «ዋትስ አፕ?»። መሃል፦ «ናት ማች፣ ዩ?»። ቀኝ፦ «ለጓደኛ ብቻ፣ ለአለቃ በፍጹም»። ከሥሩ ሌላ። ግራ፦ «ሃው ዱ ዩ ዱ?»። መሃል፦ ያው ራሱ፣ «ሃው ዱ ዩ ዱ?»። ቀኝ፦ «በጣም መደበኛ፣ ፋሽኑ ያለፈበት፣ ከሰማሁ ለመመለስ ብቻ»።

የአማርኛ ትርጉም ዓምድ እንደሌለ አስተውላችሁ ይሆናል። ሆን ብዬ ነው። በትርጉም ፋንታ መቼ እንደሚባል በአጭሩ ጻፉ፦ «ሰው ማለፊያ ሲዘጋብኝ»፣ «ያለው ሳይሰማኝ ሲቀር»፣ «ወሬ መቋጨት ስፈልግ»። ጭንቅ ሲመጣ ትዝ የሚላችሁ ሁኔታው ነው፣ ትርጉሙ አይደለም።

በቀን አምስት መስመር ይበቃል። ሃምሳ ጽፎ ሳምንቱን ሙሉ ከመጥፋት ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ሰላምታና ቀለል ያለ ጨዋታ

«ሃው አር ዩ?»ም ሆነ መጀመሪያ ላይ ያነሳነው «ሃውዝ ኢት ጎዊንግ?» በአብዛኛው ጥያቄ አይደለም። ሰላም ማለት ነው። መልሱም አጭር ነው፦ «ጉድ፣ ታንክስ። ኤንድ ዩ?»። «ኤንድ ዩ» የምትለዋን አትርሱ፤ ኳሱን የምትመልሰው እሷ ናት። እንግሊዞች ደግሞ «ዩ ኦልራይት?» ይላሉ። ሰምታችሁ «ታምሜ መሰልኩ እንዴ?» ብላችሁ እንዳትደነግጡ። «የአ፣ ታንክስ፣ ዩ?» ብሎ ማለፍ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋወቃችሁትን ሰው «ናይስ ቱ ሚት ዩ» ትሉታላችሁ፤ መልሱ «ናይስ ቱ ሚት ዩ ቱ» ነው። ያንኑ ሰው በሌላ ቀን ስታገኙት «ሚት» ይቀርና «ናይስ ቱ ሲ ዩ» ይሆናል። ለሁለተኛ ጊዜ «ናይስ ቱ ሚት ዩ» ካላችሁት ረስታችሁት መስሎት ቅር ሊለው ይችላል። «ትናንት ተዋወቅን» ለማለትም «ዊ ሜት የስተርደይ» ነው። «ኒው» ብላችሁ «አወቅን» የሚለውን ቃል እንዳታስገቡ፣ ትርጉሙ ይዛባል።

ከሰላምታ በኋላ የሚመጣው ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሥራው የሚወራው ትንንሽ ወሬ ነው። ብዙ ሰው ይንቀዋል። ማሊኖቭስኪ የሚባለው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ በ1923 ለዚህ ዓይነቱ ንግግር «ፋቲክ ኮሚዩኒየን» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር፤ መረጃ ለመስጠት ሳይሆን ሰውን ከሰው ለማቀራረብ የሚደረግ ወሬ መሆኑን ለመግለጽ። ስለዚህ «ሎቭሊ ደይ፣ ኢዝንት ኢት?» የሚላችሁ ሰው የአየር ትንበያ አልጠየቃችሁም። «የስ፣ ኢት ሪሊ ኢዝ» ብላችሁ ትንሽ ጨምሩበት። ጠፍታችሁ ለሰነበታችሁት ሰው «ዋት ሃቭ ዩ ቢን አፕ ቱ?» ጥሩ ነው። እናንተ ስትጠየቁ «ናቲንግ» ብላችሁ አትዝጉት። «ናት ማች፣ ጀስት ወርክ» ብትሉ እንኳ ስለ ሥራችሁ የሚጠይቅበት ቀዳዳ ያገኛል።

ደረጃ 3፦ «አለኝ» እና «ነገረኝ»፣ አማርኛችን የሚጠልፈን ቦታ

እዚህ ጋ ቀስ እንበል። የመናገር ግሶች ሁሌ ያስፈልጋሉ፣ ስህተቱም የሚበዛው እነሱ ላይ ነው።

በአማርኛ «እንዲህ አለኝ» እንላለን። «ኝ» ከግሱ ጋር ተጣብቃለች። ይሄን ይዘን ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ «ሂ ሴድ ሚ» እንላለን። ስህተት ነው። «ሴድ» ሰውን ወዲያው አታስከትልም፤ ወይ «ሂ ሴድ ቱ ሚ» ወይ ሰውየውን ትቶ «ሂ ሴድ ሂ ዋዝ ታየርድ» ነው። ሰውየውን መጥቀስ ካማራችሁ «ቴል»ን አምጧት፦ «ሂ ቶልድ ሚ ሂ ዋዝ ታየርድ»። ባጭሩ «ቴል» ሰው ትወዳለች፣ «ሰይ» ወሬውን ትወዳለች። «ቴል» ሰው ሳትጠቅስ ወሬን ብቻ አስከትላ የምትመጣባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ እነሱን እንዳሉ ሸምድዷቸው፦ «ቴል ዘ ትሩዝ»፣ «ቴል ኤ ላይ»፣ «ቴል ኤ ጆክ»፣ «ቴል ኤ ስቶሪ»።

«አስረዳኝ» ደግሞ «ኤክስፕሌይን ሚ» ያሰኘናል። እሱም አይሆንም። «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስንል ያቺ «ስለ» ትከተለንና «ዊ ዲስከስድ አባውት ኢት» እንላለን። «ዲስከስ» «አባውት»ን አትፈልግም፣ «ዊ ዲስከስድ ኢት» በቂ ነው። «አባውት» ካስፈለገ «ዊ ቶክድ አባውት ኢት» በሉ። «ደወለልኝ» ውስጥ ያለችው «ል» ደግሞ «ሂ ኮልድ ቱ ሚ» ታስብለናለች፤ «ሂ ኮልድ ሚ» ነው። «መለሰልኝ»ም ያው ነው፣ «ሺ አንሰርድ ሚ»፣ «ቱ» የለችም።

«ስፒክ»ና «ቶክ» ብዙ አያስጨንቁም። ለቋንቋ «ስፒክ» ነው፦ «አይ ስፒክ ኢንግሊሽ»። ጉባኤ ላይ ንግግር ሲደረግም «ስፒክ»። ጓደኛ ከጓደኛ ጋር ሲያወራ «ቶክ»። «ቻት» ከሁለቱም ቀለል ትላለች። «ካን ዊ ቶክ?» ግን ተጠንቀቁላት፤ ፊትን ኮስተር አድርጎ ከተባለች ከበድ ያለ ነገር እየመጣ ነው።

ከእነዚህ ለእያንዳንዱ ከራሳችሁ ሕይወት አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ማይ ሲስተር ቶልድ ሚ...» ብላችሁ እህታችሁ በእርግጥ ያለችውን አስገቡ። የመጽሐፍ ምሳሌ ቶሎ ይረሳል።

ደረጃ 4፦ ሳይገባችሁ ሲቀር የምትሉት

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ብቻ የምትማሩ ከሆነ ይሄን ተማሩ። ያልገባውን መጠየቅ የሚችል ሰው በትንሽ ቃላት ሰዓታት ማውራት ይችላል። የማይችል ሰው ራሱን እየነቀነቀ ሳያውቀው በማይፈልገው ነገር ይስማማል።

ያልተሰማችሁን «ዋት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ለቅርብ ጓደኛ ችግር የለውም፣ ለሌላው ግን ሻካራ ነው። ድምፃችሁን መጨረሻ ላይ ከፍ አድርጋችሁ «ሶሪ?» ብትሉ ይበቃል። ረዘም ሲል፦ «ሶሪ፣ አይ ዲድንት ካች ዛት» ወይም «ኩድ ዩ ሰይ ዛት አጌን፣ ፕሊስ?»። ከፈጠነባችሁ፦ «ኩድ ዩ ስሎው ዳውን ኤ ሊትል?»።

ድምፁ ተሰምቷችሁ ሐሳቡ ካልገባችሁ ሌላ ነው። «ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ...?» ብላችሁ ያልገባችሁን ቃል ራሱን ድገሙት። ከዚህም የሚሻለው የገባችሁን መልሶ መናገር ነው፦ «ሶ ዩ ሚን አይ ሹድ ካም ቱሞሮው?»። ተሳስታችሁ ከሆነ ያርማችኋል። ልክ ከሆናችሁም ማዳመጣችሁ ታወቀላችሁ።

ቁጥር ላይ በተለይ አትፍሩ። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ለእንግሊዝኛ አፍ ፈቶችም ሳይቀር ይምታታሉ። «ዋን ፋይቭ ኦር ፋይቭ ዚሮ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስም ከሆነ «ሃው ዱ ዩ ስፔል ዛት?»።

የራሳችሁ ቃል ሲጠፋባችሁስ? ዝም ማለት አያስፈልግም፣ ዙሪያውን መሄድ ይቻላል። «ዘ ቲንግ ዩ ዩዝ ቱ...» ብላችሁ ሥራውን ተናገሩ። ጃንጥላ የሚለው ጠፋባችሁ እንበል፦ «ዘ ቲንግ ዩ ዩዝ ዌን ኢት ሬይንስ»። ሰውዬው «አምብሬላ?» ይላችኋል። «የስ፣ ዛትስ ዘ ወርድ፣ ታንክስ» ብላችሁ ቀጥሉ። ቃሉንም በነጻ አገኛችሁ። «ኢትስ ላይክ...» እና «ኢትስ ኤ ካይንድ ኦፍ...» ለዚሁ ያገለግላሉ።

ደረጃ 5፦ መጠየቅና ማስፈቀድ

በአማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ እያልን አክብሮቱን በተውላጠ ስሙና በግሱ እንጨርሰዋለን። እንግሊዝኛ ለሁሉም «ዩ» ነው። እና አክብሮቱ የት ሄደ? «ኩድ»፣ «ዉድ»፣ «ማይንድ» ውስጥ። ስለዚህ ለትልቅ ሰው «ጊቭ ሚ ዘ ፔን» ብላችሁ «ፕሊስ» ብትጨምሩበትም ያው ትእዛዝ ነው የሚመስለው። «ኩድ ዩ ፓስ ሚ ዘ ፔን?» ይለሰልሳል። «አይ ዎንት» ከማለት «አይድ ላይክ» ማለት ይሻላል። ከበድ ያለ ነገር ስትጠይቁ ደግሞ «አይ ዋዝ ወንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ...» ትላላችሁ፤ ኃላፊ ጊዜው ያለፈ ነገር ለማውራት አይደለም፣ ራቅ ብሎ በጨዋነት ለመቆም ነው።

አሁን ወጥመዱ። «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት ሂር?» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ደግ ሰው ስለሆናችሁ «የስ!» ልትሉ ነው። ሰውዬው ፊቱ ይጠቁራል። የጠየቃችሁ «ብቀመጥ ቅር ይልሃል?» ብሎ ነው፤ «የስ» ማለት «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ነው። መፍቀድ ከፈለጋችሁ «ኖ፣ ናት አት ኦል» ወይም «ኖ፣ ጎ አሄድ» በሉ። አፍ ፈቶችም አንዳንዴ «ሹር፣ ጎ አሄድ» ይላሉ፣ ይሄ ይገባቸዋል፤ እናንተ ግን እስክትለምዱት «ጎ አሄድ» የምትለዋን ያዙ። እሷ በምንም አታሳስትም።

ሌላው ወጥመድ የአሉታ ጥያቄ ነው። «አትመጣም?» ሲባል በአማርኛ «አዎ፣ አልመጣም» ማለት ያስኬዳል፣ ከጠያቂው ጋር መስማማታችን ነው። በእንግሊዝኛ «አርንት ዩ ካሚንግ?» ሲባል መልሱ ጥያቄውን አያይም፣ እውነታውን ነው የሚያየው። የማትመጡ ከሆነ «ኖ፣ አይም ናት»። የምትመጡ ከሆነ «የስ፣ አይ አም»። «የስ፣ አይም ናት» የሚባል ነገር የለም። ግራ ሲገባችሁ «የስ»ንም «ኖ»ንም ትታችሁ «አይም ናት ካሚንግ» ብቻ በሉ፣ ግልግል ነው።

ግብዣ ላይም እንዲሁ። «ዉድ ዩ ላይክ ሰም ሞር?» ለሚላችሁ ሰው «አይም ጉድ፣ ታንክስ» ብትሉት «ይበቃኛል» ማለታችሁ ነው። እየራባችሁ ከሆነ «የስ፣ ፕሊስ» በሉ። «ታንክ ዩ» ብላችሁ ብቻ ዝም ካላችሁ ፈልጋችሁ ነው ወይስ እምቢ እያላችሁ ነው የሚለውን ለመገመት ይቸገራል።

ደረጃ 6፦ መስማማትና አለመስማማት

መስማማቱ ቀላል ነው፦ «አይ አግሪ»። «አይ አም አግሪ» አይባልም፣ «አግሪ» ራሷ ግስ ናት። «ኤግዛክትሊ»፣ «ዛትስ ትሩ»፣ «ሚ ቱ»። «ሚ ቱ» ግን ለአዎንታ ብቻ ናት፤ አንዱ «አይ ዶንት ላይክ ኢት» ካለ የሚባለው «ሚ ናይዘር» ነው።

አለመስማማት ላይ «ዩ አር ሮንግ» ብሎ መጀመር ጠብ መጫር ነው። መጀመሪያ ትንሽ ስጡ፣ ከዚያ ውሰዱ፦ «አይ ሲ ዩር ፖይንት፣ ባት...»። ለስለስ ሲል፦ «አይም ናት ሶ ሹር አባውት ዛት»። የአለቃችሁን ሐሳብ ስትቃወሙ የኋለኛዋ ትሻላለች። ሰው «ዊዝ ኦል ዱ ሪስፔክት» ብሎ ሲጀምር ደግሞ አክብሮቱን አትቁጠሩ፣ ተቃውሞው ከኋላ እየመጣ ነው። ክርክሩ ሲሰለቻችሁ «ፌር ኢናፍ» ትላላችሁ፤ «እሺ፣ ያልከው ያስኬዳል» ብሎ ነገሩን ማብረጃ ናት።

«ኦፍ ኮርስ» ላይ አንድ ነገር። «ካን ዩ ሄልፕ ሚ?» ለሚል ሰው «ኦፍ ኮርስ» ደስ የሚል መልስ ነው። «ኢዝ ዘ ባንክ ኦፕን?» ለሚል ሰው ግን «ኦፍ ኮርስ» ካላችሁት «ይሄም ይጠየቃል?» ያላችሁት ሊመስለው ይችላል። እዚያ «የስ፣ ኢት ኢዝ» ይበቃል።

ደረጃ 7፦ ይቅርታ፣ ምስጋና፣ ማጽናናት

«ኤክስኪዩዝ ሚ» ከነገሩ በፊት፣ «ሶሪ» ከነገሩ በኋላ። ለማለፍ ስትፈልጉ «ኤክስኪዩዝ ሚ»፣ ገፍታችሁት ካለፋችሁ «ሶሪ»። ደንቡ ሁልጊዜ አይሠራም፣ ግን ለጀማሪ ያዋጣል። ለ«ሶሪ» መልሱ «ዶንት ወሪ አባውት ኢት» ወይም «ዛትስ ኦኬ» ነው።

«ሶሪ» ጥፋት ሳይኖርም ትመጣለች። ሰው ክፉ ወሬ ሲነግራችሁ «አይም ሶሪ ቱ ሂር ዛት» ትላላችሁ፤ ሐዘኑን መጋራት እንጂ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም። ዘመድ የሞተበትን «አይም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ»። እናንተ እንዲህ ስትባሉ መልሱ «ታንክ ዩ» ብቻ ነው። ለ«አይዞህ» አንድ ቁርጥ ያለ ቃል አትፈልጉ፣ እንደ ሁኔታው ይለያያል። ፈተና ላይ ለሚቀመጥ «ጉድ ላክ»። ለደከመው «ሃንግ ኢን ዜር»። ለተጨነቀ «ኢትስ ጎዊንግ ቱ ቢ ኦኬ»።

ምስጋናን ጠቅለል ከማድረግ ምክንያቱን ጥቀሱለት፦ «ታንክስ ፎር ሄልፒንግ ሚ»። ከ«ፎር» ቀጥሎ የሚመጣው ግስ «ኢንግ» ይጨምራል። መልሶቹ ብዙ ናቸው፦ «ዩ አር ዌልከም»፣ «ኖ ፕሮብለም»፣ «ኤኒታይም»። ሲያደንቋችሁም «ኦ ታንክስ!» በሉና እለፉ። «ኧረ ይሄማ አሮጌ ነው» እያላችሁ መከራከር አያስፈልግም፤ ያደነቃችሁን ሰው ዓይንህ አያይም እንደማለት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ ስለ ሰውና ስለ ወዳጅነት ማውራት

እዚህ ያሉት ቃላት ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ቃል ተጣምሮ የሚሠራቸው ግሶች ናቸው። ለየብቻ ዘርዝራችሁ ብትሸመድዱ ይምታታሉ። አንድ ታሪክ ላይ ሰክታችሁ ያዟቸው። የሁለት ጓደኛሞች ታሪክ ይኸው።

ሁለቱ ሥራ ቦታ ተዋወቁ፣ «ዜይ ሜት አት ወርክ»። ገና ከመጀመሪያው ተግባቡ፣ «ዜይ ሂት ኢት ኦፍ»። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ያሳልፉ ነበር፣ «ዜይ ሃንግ አውት»። በደንብ ይስማማሉ፣ «ዜይ ጌት አሎንግ»። አንደኛው ሆዱን ከፍቶ ሚስጥሩን ነገረው፣ «ሂ ኦፕንድ አፕ»። አንድ ቀን ግን ቀጠሮ ይዞ ቀረበት፣ «ሂ ስቱድ ሂም አፕ»። ተጣሉ፣ «ዜይ ፌል አውት»። ለወራት አልተደዋወሉም፣ «ዜይ ሎስት ታች»። ከዚያ አንዱ መልእክት ላከ፣ «ሂ ሪችድ አውት»። ታረቁ፣ «ዜይ ሜድ አፕ»። ያመለጣቸውን ወሬ ሁሉ አወሩ፣ «ዜይ ኮት አፕ»።

አሁን ታሪኩን በእናንተና በአንድ ጓደኛችሁ ስም ለውጣችሁ፣ ያልሆነውን አውጥታችሁ፣ የሆነውን ጨምራችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት። የተጣላችሁት ጓደኛ ከሌለ ፍጠሩ፣ ማንም አይጎዳም።

ጸባይ ስትገልጹ ደግሞ ተመሳሳይ የሚመስሉትን ለዩ። «ሴንሲብል» ማለት አስተዋይ ነው፣ «ሴንሲቲቭ» ደግሞ ቶሎ የሚሰማው። «ፋን» አብሮት መሆን የሚያዝናና፣ «ፋኒ» የሚያስቅ። «አይ አም ቦርድ» ማለት ሰልችቶኛል ነው፤ «አይ አም ቦሪንግ» ካላችሁ ግን ራሳችሁን አሰልቺ ሰው ብላችሁ አስተዋወቃችሁ። ተጫዋች ሰው «አውትጎዊንግ»፣ ዓይነ አፋር «ሻይ»፣ ግትር «ስተበርን»፣ በሰው ጉዳይ የሚገባ «ኖዚ»፣ ፊት ለፊት ተናጋሪ «ብለንት»። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰውዬው በሌለበትም ብትሆኑ በቁጠባ። «ኤ ቢት» ስትጨመር ይለዝባሉ፦ «ሂ ካን ቢ ኤ ቢት ብለንት»።

ደረጃ 9፦ ስልክና ወሬ መቋጨት

ስልክ ላይ «አይ አም እገሌ» አይባልም፣ «ዚስ ኢዝ እገሌ» ነው። የደወለውን ለማወቅ «ሁ አር ዩ?» ብሎ ማፋጠጥ የለም፣ «ሁ'ዝ ኮሊንግ፣ ፕሊስ?» ነው። «ሆልድ ኦን» ትንሽ ጠብቀኝ። «ዩ አር ብሬኪንግ አፕ» ድምፅህ እየተቆራረጠ ነው። «ዊ ጎት ካት ኦፍ» ተቋረጠብን። ስልክ መዝጋት «ሃንግ አፕ» ነው፤ የድሮ ስልክ ጆሮ ላይ የሚያዘው ክፍል ግድግዳው ላይ ባለ ማንጠልጠያ ይሰቀል ስለነበር ስሙ እስከ ዛሬ ቀረ። በቪዲዮ ስብሰባ ደግሞ ሁሉም የሚያውቃት «ዩ አር ኦን ሚዩት» አለች። መልሷ «ኦፕስ፣ ሶሪ። ካን ዩ ሂር ሚ ናው?»።

ወሬ መቋጨት ለብቻው መለማመድ ይፈልጋል፤ ድንገት «ባይ» ብሎ መሄድ ደረቅ ነው። ሰውዬው ትንሽ ቆም ብሎ «ኤኒዌይ...» ወይም «ዌል...» ካለ መሄድ ፈልጓል፣ አዲስ ጨዋታ አትጀምሩበት። ከዚያ ምክንያቱ ይመጣል፦ «አይ ሹድ ጌት ጎዊንግ»። ስልክ ላይ ደግሞ «አይል ሌት ዩ ጎ» ይላል፤ ለእናንተ ያሰበ ይመስላል እንጂ ራሱ ነው መሄድ የፈለገው። ቀጥሎ «ኢት ዋዝ ናይስ ቶኪንግ ቱ ዩ»፣ መልሱ «ዩ ቱ»። ከዚያ «ቴክ ኬር» ወይም «ሲ ዩ»። «ዊ ሹድ ጌት ቱጌዘር ሰምታይም» ቢላችሁ ደግሞ ቀን ካልጠራ ለጨዋነት ብሎት ሊሆን ስለሚችል ቅዳሜያችሁን አታጥፉ። እውነት ከፈለገ «አር ዩ ፍሪ ኦን ሳተርደይ?» ይላል።

ደረጃ 10፦ እንዳይጠፋ ማድረግ

ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 በራሱ ላይ ያደረገውን ሙከራ አሳትሞ ነበር። ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን እየሸመደደ ምን ያህሉ እንደሚጠፋበት ለካ። መርሳት መጀመሪያ ላይ ፈጣን ነው፣ ከዚያ እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ነገር አንድ ቀን ሠላሳ ጊዜ ከመድገም ዛሬ፣ ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ እያሉ መድገም ይሻላል። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ በ1970ዎቹ ይሄንኑ በካርድ ሳጥን እንዲሠራ አደረገው። የመለሳችሁት ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፣ ያልመለሳችሁት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ ይታያል፣ የኋለኞቹ እየራቁ ይሄዳሉ። የስልክ መተግበሪያም አለ፣ ወረቀት ቆርጦ መሥራትም ይቻላል።

ካርዱ ፊት ላይ ሁኔታውን በአማርኛ ጻፉ፦ «ሰውዬው ወንበሬ አጠገብ መቀመጥ ፈልጎ አስፈቀደኝ»። ጀርባው ላይ መልሱን፦ «ኖ፣ ጎ አሄድ»። ካርዱን በዓይን አይታችሁ «አውቀዋለሁ» ብላችሁ አትለፉ። አፋችሁ ካላወጣው አልተቆጠረም።

በመጨረሻም በሳምንት አንዴ ይሄን ሥሩ። የስልካችሁን መቅጃ ክፈቱና ከደብተራችሁ የግራውን ዓምድ ብቻ አንብቡ፣ በየመሃሉ ዝም እያላችሁ። «ሃውዝ ኢት ጎዊንግ?»፣ ዝምታ። «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ኦፕን ዘ ዊንዶው?»፣ ዝምታ። «አርንት ዩ ካሚንግ?»፣ ዝምታ። በማግስቱ እየሄዳችሁም ይሁን ሳህን እያጠባችሁ ክፈቱትና በየዝምታው መልሱ። ዝምታውን መጀመሪያ አራት ሰከንድ አድርጉት። ሁሉንም መመለስ ስትጀምሩ እንደገና ቅዱት፣ አሁን በሁለት ሰከንድ፣ ቅደም ተከተሉንም አዘበራርቁት።